ከተራራው በስተሰሜን

እሑድ 1

ድልድዩ ተዘጋ። የሰማሁት ከራዲዮ ሳይሆን ከአጥሩ ወዲያ ካለው ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤቴ ነው። ሰፈሩ «ዜና» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ዱቄት የለበሰ ክንዱን አጥሩ ላይ አሳርፎ፣ «እትዬ፣ እነዚያ ማዶ ያለችውን የገበያ ከተማ ያዙ። ከእንግዲህ በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ወንዙ ብቻ ነው» አለኝ።

«እነዚያ» ካሉ ይበቃል። ዱሮ በአንድ ሩቅ አገር ሲነሱ ራዲዮው ሙሉ ስማቸውን ይጠራ ነበር። ከዚያ ወደ ጎረቤት አገር ገቡ፤ ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ጎረቤት። በየደረሱበት አዲስ ስም ሲያወጡ ሰው መከታተሉ ሰለቸውና «እነዚያ» አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከወንዙ ማዶ፣ ከተራራው በስተሰሜን ያለውን አገር ይዘው ቆዩ። ተራራውን አይሻገሩም ሲባል ነበር። እኔም ብዬ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ድንበር ማለት በቀይ ጠመኔ የማሰምረው መስመር ነበር፤ ተራራ ደግሞ በቡኒ። ሁለቱም እንደማያስቆሙ ዘንድሮ ገባኝ።

ደብተር የጀመርኩት ለዚህ ነው። ነገር ሲደበላለቅብኝ በቅደም ተከተል መጻፍ ያረጋጋኛል።

የጓሮውን ክፍል የተከራዩኝ ባልና ሚስት ከማዶ ሸሽተው የመጡ ናቸው። እሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷ ትዘመዝምለታለች። በሌላ ቀን ጠዋት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ዛሬ ዝም አለ። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ሾርባ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ጨው በዝቶ ከሆነ ይንገሩኝ» አለች። አልበዛም ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። በዚህ ዓይን ለእኔ ሾርባ መሥራቷ ገርሞኛል። ተመስገን፣ ቤቴ ባዶ አይደለም።


ሐሙስ 5

ዛሬ የጸጥታ ቢሮ ሰዎች ተከራይ ለመመዝገብ መጡ። ሁለት ናቸው። አንዱ ተማሪዬ የነበረ ነው፤ አሁን ሹም ሆኗል፤ ጢም አውጥቷል፤ ግን እኔን ሲያይ አሁንም እጁን ከኪሱ ያወጣል። ሌላው ከዋናው መሥሪያ ቤት በቅርብ የተዛወረ ባለ መነጽር፣ የማይስቅ ሰው ነው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ። የትውልድ ከተማውን ጠየቁት፤ ተናገረ። ባለ መነጽሩ ቀና አለ። ሹሙ ቀደም አለና፣ «ከተማዋ እንኳ ከተራራው በስተደቡብ ናት። እነዚያ ያልደረሱባት። ጻፍና እንለፍ» አለው።

እንዴት ዝም ልበል? «ምን ነካህ ልጄ፣» አልኩት፣ «በስተሰሜን ናት እንጂ።»

አሳለው። «መምህር፣ ቢሆንም...»

«ቢሆንም የለም። በስተሰሜን ናት።» ገብቼ የድሮውን የግድግዳ ካርታ አወጣሁ፤ አቧራውን አራግፌ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ በማስመሪያ ጫፍ አሳየሁት። «እኔ እንዲህ ነበር ያስተማርኩህ?»

ባለ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ አየና ጻፈ። «ጥሩ አስተማሪ ነዎት» አለኝ። ሹሙ ካርታውን አላየም። ልብስ ሰፊውም አላየም፤ የሜትሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ይጠቀልል፣ ይፈታ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ካርታውን አልዘረጋሁትም ነበር። ደስ አለኝ። ምሽቱን ሙሉ ደስ ብሎኛል። ለአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የምፈለግበት ቀን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።


ቅዳሜ 7

ወሰዱት። ጠዋት፣ ቁርስ ላይ። ሹሙ አልነበረም፤ ባለ መነጽሩና ሌሎች ናቸው። ከተራራው በስተሰሜን የኖረ ወንድ ሁሉ ተይዞ ይጣራል የሚል ትእዛዝ መጥቷል አሉ።

ጫማውን እንዲያስር እንኳ አልጠበቁትም። ሚስቱ በሩ ላይ ናት። ልሂድላት።


እሑድ 8

እሑድ እሑድ መጠየቅ ይቻላል። ሚስቱ ንጹሕ ሸሚዝና ዳቦ ይዛ ሄደች። ስትመለስ በጓሮው በር ሳይሆን በእኔ በር ገባች፤ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ደህና ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው።»

«መቱት?»

«አልመቱትም።»

«ምን አለሽ?»

«ሰላም በልልኝ... ሰላም በይልኝ አለ። እርስዎን» አለች። ምላሷ እንኳ ተሳስቶባታል፣ ምስኪን። ከዚያ ተነሥታ ትናንት ያልታጠቡትን ሳህኖቼን አጠበች። ተይ ብላት አልተወችም።


ማክሰኞ 10

ራዲዮ፦ የጎረቤት አገሮች የጦር አዛዦች ተሰብስበው የጋራ ጥበቃ ለማድረግ ተስማሙ። ከዚህ በፊትም ተስማምተው ነበር።

ዳቦ ቤት ተሰልፌ የሰማሁት፦ «መምህሯ ቤት ነበር አሉ የተደበቀው።» «መቼ ተደበቀ፤ የእኔን ጃኬት የሰፋው እሱ አይደል?» «እኮ፣ ልክህንም ያውቀዋል።» ሳቅ።

ዜና ዳቦውን እየጠቀለለልኝ፣ «እትዬ አይክፋዎት። እነዚያ እንደ ሻጋታ ናቸው። አንድ ጥግ ላይ ብቅ ሲል ቆርጬ ጥዬ ሌላውን ልብላ ቢሉ ሞኝነት ነው፤ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል» አለኝ።

«ሰው ዳቦ አይደለም» አልኩት። መልሴ ደካማ ነበር። አሥር የሚሻል መልስ የመጣልኝ ቤቴ ስደርስ ነው።

እኔ የተናገርኩት እውነት ነው። ከተማዋ በስተሰሜን ናት። ይህን ማንም ካርታ ያለው ሰው ያገኘዋል። ትእዛዙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

የውጭውን በር መቆለፌን ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁ።


ዓርብ 13

ጸጥታ ቢሮ ሄድኩ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ አግዳሚ ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሰው በተነሣ ቁጥር የቀረነው እንወዛወዛለን። ከጎኔ የነበረች ሴት «ተጠንቅቀው ይቀመጡ፣ ፈረሱ ይጥላል» ብላ አሳቀችኝ። በዚያ ቦታ ሰው ያስቃል ብዬ አልጠበቅሁም።

ሹሙ ወደ ክፍሉ አስገባኝ፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እሱ ቆመ። ነገሩን በግልጽ አስረዳኝ፤ እኔም በግልጽ ልጻፈው።

በዚህ ከተማ የሚኖሩ ሦስት ሰዎች ዋስ ከሆኑለት ይለቀቃል። ከሦስት አንዱ ቢጎድል ወሩ ሲያልቅ፣ 28 ላይ፣ ከሌሎቹ ጋር በመኪና በደቡቡ መሻገሪያ ይመለሳል። እዚያ የሚረከቡት የማዶው አገር ጠባቂዎች ደግሞ እያንዳንዱን ወደ ትውልድ ቦታው ይሸኙታል። የእሱ ትውልድ ቦታ እነዚያ እጅ ናት። ከእነሱ አምልጦ የወጣ ሰው ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው ሹሙ አልነገረኝም፤ መስኮቱን ነው ያየው።

ዋስ የሆነ ሰው፣ ሰውየው ቢጠፋ ወይም ከእነሱ ጋር ሲሠራ ቢገኝ አብሮ ይጠየቃል።

«አንዷ እኔ ነኝ» አልኩት።

«መምህር፣ ቤት ሄደው ያስቡበት።»

«አስቤ ነው የመጣሁት።» እዚያው ፈረምኩ። ብዕሩን የሰጠኝ ባለ መነጽሩ ነው።

ቀሪ ሁለት። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ከተማ አስተምሬ ሁለት ሰው አላጣም።


እሑድ 15

ሚስቱ ዛሬ እነዚያ ዘንድ የነበሩበትን ጊዜ አወራችልኝ። ጠይቄያት አይደለም። ካልሲ እየጠቀመች ነበር።

ከተማቸውን ሲይዙ መጀመሪያ የፈለጉት ዳቦ ጋጋሪ፣ መካኒክና ልብስ ሰፊ ነው። ባሏን ከነመኪናው ወስደው ት/ቤት ውስጥ አስቀመጡት። የደንብ ልብስ እንዲሰፋላቸው። ከአራት አገር የመጡ ናቸው አለች፤ እርስ በርሳቸው እንኳ አይግባቡም። ወገባቸውን ሲለካ እያንዳንዱ ቁጥሩን በራሱ ቋንቋ ነበር የሚደግመው። አለቃቸው ሲናገር ሁለት ሰዎች ተቀባብለው ይተረጉማሉ፤ መጨረሻ የቆሙት ላይ ሲደርስ ንግግሩ አጭር ሆኖ ነው የሚደርሰው። «ባሌ ምን ይለኛል መሰለዎት፣» አለች፣ «‹መጀመሪያ ላይ የነበረው ምክንያት መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ‹ተኩስ› የሚለው ብቻ ነው›።»

አንድ ቀን ጨርቅ አልቆ ለመግዛት ሲልኩት እሷን ይዞ በእግሩ ወጣ። ተራራውን ተሻገሩ።

«አሁን ቢመልሱት ፊቱን የማያውቀው የለም» አለች። «የለካቸው ሁሉ ያውቁታል።»

ካልሲውን ስትጨርስ አየሁት፤ የእኔ ነው። ተረከዙ ተቀዶ ትቼው የነበረው።


ሐሙስ 19

ላስቀምጠው። ዋስ ፍለጋ የሄድኩበት፦ የድሮው ርእሰ መምህር (ልጆቼን ላማክር አለ፤ ልጆቹ ከእሱ ጋር አይነጋገሩም)። ፋርማሲስቷ (አለቀሰች፤ አልፈረመችም)። ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ (አንዱ አቅፎ ሸኘኝ፣ አንዱ የለም አስባለ፤ ጫማው በሩ ላይ ነበር)። ልብስ ሰፊው ልብስ የሰፋለት የሆቴል ባለቤት («መምህር፣ ሌላ ማንኛውንም ነገር ይዘዙኝ»)። አልፈርድባቸውም። ከወር በፊት ቢሆን እኔስ?

ወደ መንገዱ መጨረሻ አልሄድኩም። እዚያ የወታደሩ እናት አለች። ልጇ የድንበር ጠባቂ ነበር፤ እነዚያ የቀበሩት ፈንጂ አንድ እግሩን ወሰደው። በዚያ በር ምን ብዬ እገባለሁ።

ትኩሳት ይዞኛል። በቃ።


ቅዳሜ 21

አልጋ ላይ ነኝ፤ ዛሬ ግን መጻፍ ቻልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ያስታመመችኝ የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፤ ብርቱካን ልጣ ክሩን ሳይቀር ታነሣለች። መድኃኒት አልውጥም ስል፣ «ተማሪ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለችኝ። ዋጥኩ።

ትኩሳቱ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር መጣብኝ። ሹሙ ሰባተኛ ክፍል እያለ ያንን ተራራ ከነጫፎቹ፣ መጽሐፍ ሳያይ፣ ሰሌዳ ላይ ሥሎልኛል። በስተሰሜን ያሉትን ከተሞች አንድ በአንድ አስቀምጦ። ሌሎች ልጆች እንዲያዩት ሳምንቱን ሙሉ አላስጠፋሁትም። ኋላም ወታደር ሆኖ ከጎረቤት አገሮች የጋራ ጦር ጋር ተራራው ላይ ሁለት ዓመት ዘብ ቆሟል፤ እናቱ ነግራኛለች።

ያቺ ከተማ የት እንዳለች ከእኔ በላይ ያውቃል።

አውቆ ነው የተሳሳተው። ባለ መነጽሩ ፊት፣ አውቆ። አሳለው። «ቢሆንም» አለኝ። እኔ ማስመሪያ አመጣሁ።

ይህን ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩት። ሚስቱ ገብታ፣ «ምነው ላብ አልብዎታል?» አለች። ትኩሳቱ ነው አልኳት። ትራሴን ገለበጠችልኝ፣ ቀዝቃዛው ጎን ወደ ላይ እንዲሆን። ልነግራት ይገባል። ካልተፈታ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ከተፈታ በኋላስ?


ሰኞ 23

ዜና ራሱ መጣ። በሥራ ሰዓት፣ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ። በሩ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል።

«የት ነው የሚፈረመው?»

«ምኑ?»

«እትዬ አያድርቁኝ። ዋሱ ነዋ።»

«ሻጋታስ?»

«ሻጋታውን ተዉት። ሚስቴ ናት። ‹ሰውየው እኮ ዳቦ ጋጋሪ ቢሆን ኖሮ አንተ ነበርክ› አለችኝ። እነዚያ መጀመሪያ የሚወስዱት ዳቦ ጋጋሪ ነው የሚለውን ከየት ሰማችው?»

ሴቶቹ በአጥር ያወሩ እንደነበር አውቃለሁ።

«ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። መጥተው ‹ጋግር› ቢሉኝ እኔ ምን እላለሁ? ዱቄት አልቋል እላለሁ?» ግንባሩን ጠረገና ፊቱን በዱቄት አለበሰው። «ደግሞ ካልፈረምክ ዱቄቱ ላይ ትተኛለህ ብላኛለች። ይኸው ሁለት ሌሊት ተኛሁ። ወገቤ አልቋል።»

አብረን ሄድን። ክንዱን ይዤ፤ ገና እግሬ አልጠናም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ አስቁሞ «ዋስ ልሆን ነው» እያለ ይነግራል። በሕይወቴ በወሬኝነቱ የተደሰትኩት ዛሬ ነው።

አንድ ሰው ቀረ።


ረቡዕ 25

የወታደሩ እናት መጣች።

በሩን ስከፍት ቆማ አየኋት። ይግቡ ማለቱን እንኳ ረሳሁት። ራሷ ገብታ ተቀመጠች።

«መምህር፣ በየቤቱ ሲዞሩ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«እኔ ቤት ግን አልመጡም።»

«በምን አፌ ልምጣ? ልጅዎ...»

«ልጄ ምን?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው። በእኛ በር ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ልጄ ይህ ነው የሚያመው፤ እግሩ ድኗል።»

አፈርኩ።

«ከሆስፒታል ሲወጣ ሱሪውን አጥፌ በመርፌ ቁልፍ ነበር የማያይዝለት። ሲቀመጥ ይወጋዋል። ሲነሣ ይፈታል። አንድ ቀን ደጃፍ ተቀምጦ ያ ልብስ ሰፊ በመንገድ ሲያልፍ አየው። አልፎ ሄደና ተመለሰ። ‹ሱሪዎችህን ስጠኝ› አለው። ደህና ዋልክ የለ፣ እግዜር ይማርህ የለ፣ ዝም ብሎ ሱሪዎችህን ስጠኝ። ልጄም ሳቀበት። ለካው፤ ወሰደ፤ በሦስተኛው ቀን መለሰ። አንዱን እግር በልኩ አሳጥሮ፣ ጫፉን ዘግቶ፣ ውስጡን ለስላሳ ጨርቅ ገብሮበት። ሲለካው ምን አለው መሰለዎት? ‹ባለ አንድ እግር ጨርቅ ይቆጥባል፤ በተረፈው ለራሴ ኪስ እሠራለሁ።› ልጄ ከዚያ ወዲህ ነው ውጭ መውጣት የጀመረው።»

«እንዲህ ማድረጉን አላውቅም ነበር።»

«እሱ አይናገርማ። ትናንት ዜና በሩ ላይ ቆሞ አንድ ዋስ ጎደለ ሲል ሰማሁ። ልጄን ጠየቅሁት። እግርህን የወሰዱትን ሲያለብስ ለነበረ ሰው ልፈርም ወይ አልኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እኔንም እኮ አልብሶኛል፤ ሂጂ› አለኝ።» ተነሣች። «ቢሮው በስንት ሰዓት ይዘጋል?»

ባለ መነጽሩ ስሟን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። የልጇን ጉዳይ ያውቃል፤ ሁሉም ያውቃል። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። «ልጄ፣ ወረቀትህን ጨርስ፤ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችው። ቆሞ ነው የሸኛት። ያ የማይስቅ ሰው ቆሞ።

ምንም ያህል ብጽፍ የዛሬውን ምስጋና አልጨርሰውም። እጇን ስይዝ እንኳ ያወጣሁት ቃል «እንግዲህ...» ብቻ ነው።


ዓርብ 27

ተፈታ። ከስቷል። ሚስቱ አላለቀሰችም፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለትና «ይኸን ማን ተኮሰልህ?» አለችው። ዜና ትኩስ ዳቦ ይዞ ደጅ ሲጠብቅ ነበር።

እነሱ ሲወጡ እኔ ወደኋላ ቀረሁ። ሹሙ በሩ ላይ ነበር።

«ከተማዋ የት እንዳለች ታውቅ ነበር» አልኩት።

እጁን ከኪሱ አወጣ። «መምህር፣ እዚያ ተራራ ላይ ሁለት ዓመት ቆሜአለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም በይ አላልከኝም?»

«እርስዎን?» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ባልደረባዬ ኋላ ይደርስበት ይሆን ነበር። እሱም ሥራውን ነው የሚሠራ፤ ከእነዚያ መሐል ልብስ ሰፊ መስሎ የሚገባም አለ። አንዱን ከሌላው መለየት የእኛ ጣጣ ነው። እኔ የፈለግሁት ጊዜ ነበር።»

«ጊዜውን እኔ ቀማሁህ።»

«ዋስ ሲፈርሙ መለሱልኝ።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። በአስተማሪነቴ ዘመን ተማሪ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት በሩን ከፈተልኝ፤ በሩ ክፍት ነበር።


እሑድ 29

ትናንት መኪናው በደቡቡ መንገድ ሄደ። ዋስ ያጡትን ይዞ። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ድምፁ በሰፈራችን ሲያልፍ የስፌት መኪናው ቆመ፤ ከቆይታ በኋላ እንደገና ተጀመረ። ራዲዮው እነዚያ ከገበያ ከተማዋ ወደ ወንዙ ተጠግተዋል ይላል። ድልድዩ ዝግ ነው። እውነቱን ልጻፍ፤ ያለቀ ነገር የለም። ለእኛ ቤት ግን ዛሬ እሑድ ነው፣ ሁላችንም አለን።

ከምሳ በኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሌላ ቀን ብል አልነግራቸውም ነበር። ልብስ ሰፊው የዜናን ሽርጥ ይጠግናል፤ ሚስቱ ክር ታስገባለታለች። ቆሜ ነገርኳቸው። ካርታውን፣ ማስመሪያውን፣ ሹሙ ሊያድነው ሲል እንዳረምኩት፣ ለመያዙ ምክንያቱ እኔ እንደሆንኩ። በቅደም ተከተል ተናገርኩ፤ ምንም አልዘለልኩም።

ልብስ ሰፊው መኪናውን አቆመ። «እትዬ፣ እዚያው ነበርኩ እኮ» አለኝ።

እውነት ነው። እዚያው ነበር፤ የሜትሩን ጫፍ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ። ሹሙ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶታል። ከእኔ በቀር ሁሉም ገብቶት ነበር።

ወደ ሚስቱ ዞርኩ። «አንቺስ?»

«በመጀመሪያው እሑድ ነገረኝ» አለች።

በመጀመሪያው እሑድ። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ያየችኝ ቀን። ከዚያ ተነሥታ ሳህኖቼን ያጠበችው፣ ካልሲዬን የጠቀመችው፣ ብርቱካኑን ክሩን ሳይቀር ያነሣችልኝ፣ ትራሴን የገለበጠችልኝ፣ ሁሉንም እያወቀች ነው።

«እያወቅሽ?» አልኳት።

«ተናድጄ ነበር» አለች፣ ክሩን በከንፈሯ እያራሰች። «በጣም ተናድጄ ነበር። ሳህኑን ሳጥብ ልሰብረው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ኮት ለብሰው ለእሱ ሲሄዱ አየሁ፤ ከዚያም በየቀኑ። ደግሞ ቢታመሙ ማን ያስታምምዎታል?»

እንዲህ ያለውን ነገር በየትኛው ቃል ይመልሱታል። በመጨረሻ የወጣኝ፣ «ነገ ቁርስ የምሠራው እኔ ነኝ፤ እናንተ ትተኛላችሁ» የሚል ነው።

ልብስ ሰፊው ሚስቱን አየ። «እንግዲህ ምሳችንን አብረን እንበላለን በያቸው» አላት፣ «እትዬ እንቁላሉን ለክተው እስኪጠብሱ ፀሐይ አናት ላይ ትደርሳለች።»

ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። እንቁላል አለኝ። ጨውም አለኝ። በጠዋት እነሣለሁ።